የኮቻባምባ የውኃ ትግል

ኮቻባምባ በደቡብ አሜሪካዊቷ ቦሊቪያ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል በሚገኝ ሸለቆ የተመሠረተች ከተማ ናት። ስሟ በዓለም የታወቀው ነዋሪዎቿና በዙሪያዋ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ስለ ውኃ ባደረጉት ትግል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የቦሊቪያ መንግሥት የከተማዋን የውኃ አገልግሎት የውጭ ባለሀብቶች ለሚመሩት አጉዋስ ደል ቱናሪ ለተሰኘ የኩባንያዎች ጥምረት በ40 ዓመት ውል አስተላለፈ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቁጥር 2029 ደግሞ ነዋሪዎች በጋራ ያስቆፈሯቸውን ጉድጓዶች ስጋት ላይ ጣለ። አርሶ አደሮችም ከአባቶቻቸው በወረሱት ሥርዓት፣ በተራ የሚያጠጡበት የመስኖ ውኃ ከእጃቸው እንዳይወጣ ሰጉ።

በ2000 መጀመሪያ ላይ የውኃ ክፍያው በእጅጉ ሲንር ከተሜውና ገበሬው በአንድነት ተነሡ። የፋብሪካ ሠራተኞች መሪ የነበሩት ኦስካር ኦሊቬራ የጥምረታቸው ቃል አቀባይ ሆኑ። መንገዶች ተዘጉ፤ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በግጭቱ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በጥይት ተገደለ። ኤፕሪል 10 ቀን 2000 ውሉ ፈረሰ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 28 ቀን 2010፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በቦሊቪያ አቅራቢነት ንጹሕ ውኃ ሰብአዊ መብት መሆኑን በውሳኔ አጸደቀ።

ይሁን እንጂ ከድሉ በኋላም ወደ ሕዝብ ይዞታ የተመለሰው ድርጅት ለደቡባዊው የከተማዋ ክፍል የቧንቧ መስመር ማዳረስ ተስኖት ቆየ። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ድኾች ከቦቴ የሚቀዳ ውኃ፣ የቧንቧ ተጠቃሚው ከሚከፍለው በላይ እየከፈሉ ለመግዛት ተገደዋል። የውኃው ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቢመለስም፣ ለሁሉም እንዴት ይድረስ የሚለው ገና መልስ ይጠብቅ ነበር።