የዳገት ማርሽ፦ ለእግር ቀላል፣ ለአቀበት ብርቱ

የመጀመሪያዋን ባለማርሽ ብስክሌቴን ይዤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ልወጣ ስል፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰው አጎቴ አንድ ምክር ሰጠኝ። «ስማ፣ ዳገቱ ሳይጀምርህ ከባድ ማርሽ አስገባ።» እሺ ብዬ እግሬን ከሁሉም ይልቅ የከበደውን አስገባሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ፔዳሉ አልዞር አለኝ፤ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ መዋለል ጀመረ። ወርጄ እየገፋሁ ወጣሁ። አጎቴ አልተሳሳተም፤ እኔም የታዘዝኩትን ነበር ያደረግሁት። ያላግባባን ቃሉ ነው።

በሹፌሮች ቋንቋ «ከባድ ማርሽ» አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ። የብስክሌት ሞተር ግን የነጂው እግር ነው። ሹፌሩ ከባድ የሚለው ዓይነት ማርሽ በብስክሌት ላይ ለእግር ከሁሉም የቀለለው ሆኖ ይገኛል፤ ብስክሌተኛውም «ቀላል» ይለዋል። እንግሊዝኛው «ሎው ጊር» ነው። ቃል በቃል «ዝቅተኛ ማርሽ» ብንለው ደግሞ ዝቅ ያለው ምኑ እንደሆነ አይታወቅም፤ እንዲያውም ከኋላ ጎማ ላይ ሰንሰለቱ የሚያርፈው በትልቁ ጥርሳም ክብ ላይ ነው።

ስለዚህ በሥራው እንጥራው፦ የዳገት ማርሽ። ትርጉሙ፣ ሰንሰለቱ ከፊት በትንሹ ጥርሳም ክብ፣ ከኋላ በትልቁ ላይ ሲሆን የሚገኝ፣ ብስክሌቱን በዝግታ ግን በቀላል ርግጫ አቀበት የሚያወጣ ማርሽ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብስክሌተኞች ከሁሉም የቀለለውን «ግራኒ ጊር»፣ የአያት ማርሽ ይሉታል። ይህን ስም እንዳለ መውሰድ አይገባንም ባይ ነኝ። ማርሹ የደካማ ነው የሚል ንቀት አዝሏል፤ ወጣቱ አፍሮ ሳይጠቀምበት እንዲቀር ያደርጋል።

አሠራሩን በቁጥር እንየው። የፊቱ 48፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ከሆነ ብስክሌቱ በአንድ ዙር 6.3 ሜትር ይሄዳል። ለሜዳ ግሩም ነው። የፊቱ 28፣ የኋላው 32 ሲሆን ግን ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይዞርም፤ ብስክሌቱ የሚሄደው 1.84 ሜትር ብቻ ነው። ማርሽ ከራሱ ኃይል አይፈጥርም። ዳገቱ የሚጠይቀው ሥራ ያው ነው፤ አንድ ኩንታል እህል በአንዴ ከመሸከም ይልቅ በቁና እየሰፈሩ እንደማመላለስ ነው። ምልልሱ ይበዛል፣ ሸክሙ ይቀላል። አማርኛችን ኃይልንም የእግር መታጠፊያንም «ጉልበት» ይላል፤ የዳገት ማርሽ በእያንዳንዱ ርግጫ ሁለቱንም ይቆጥባል።

ፈረንሳዮች በአንድ የፔዳል ዙር የሚኬደውን ርቀት «ዴቭሎፕማን» ብለው በሜትር ይለኩታል። እኛ «የዙር ርቀት» ብንለው ይበቃል። ለመለካት ጠመኔ ብቻ ያስፈልጋል። ብስክሌቱን ሜዳ ላይ አቁመው የዳገት ማርሹን ያስገቡ። አንዱን ፔዳል ወደ ታች አድርገው የኋላ ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ በጠመኔ ያስምሩ። ከዚያ ፔዳሉን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት እያዞሩ ብስክሌቱን ያስኪዱ፤ ጎማው የደረሰበት ላይ ሌላ መስመር ይጨምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርዝመት የብስክሌትዎ የዙር ርቀት ነው።

ስንት ሜትር ይበቃል? ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ዳገቱ 10 በመቶ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ልምምድ ያለው ሰው ሳያቋርጥ 150 ዋት ቢያወጣ በሰዓት 6.6 ኪሎ ሜትር፣ በደቂቃ 110 ሜትር ያህል ይወጣል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ማዞር ከፈለገ የዙር ርቀቱ 1.83 ሜትር መሆን አለበት፤ ከላይ ያየነው 28 በ32 ማለት ነው። ብስክሌቱ ያለው ከሁሉም የቀለለ ማርሽ 34 በ28 ቢሆን ግን የዙር ርቀቱ 2.55 ሜትር ይሆናል። ያው ሰው በደቂቃ 43 ጊዜ ብቻ እያዞረ፣ በእያንዳንዱ ርግጫ አብዝቶ መጫን ይኖርበታል። የዚህን ዋጋ ጉልበቱ ይከፍላል።

ለደጋ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዝቅተኛ አገር 150 ዋት የሚያወጣ ሰው እዚያ ይህን ማዝለቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ለቆላ ሰው የሚበቃ የዳገት ማርሽ እንጦጦ ላይ ላይበቃ ይችላል። ምርጫችን አንድ ደረጃ ቀለል ይበል። ማቅለሉም ወሰን አለው፦ የዙር ርቀቱ ከ1.1 ሜትር በታች ሲሆን በደቂቃ 60 ዙር እንኳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል።

በቀላል ማርሽ የማፈር ነገር አዲስ አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የብስክሌት ውድድር የመሠረተው አንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያ ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ላለፈ ሰዎች ብቻ የሚገባ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማውን ፈትተው፣ በሌላው ጎኑ ያለውን ትልቅ ጥርሳም ክብ ለማግኘት ገልብጠው ይገጥሙት ነበር። ማርሽ መቀየሪያ በውድድሩ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የሳንቴቲየኑ ፖል ደ ቪቪ ግን ከዚያ አስቀድሞ በአካባቢው ተራሮች ላይ ብዙ ማርሽ እየሞከረ ጥቅሙን ይሰብክ ነበር። ጊዜ የፈረደው ለእርሱ ነው፤ ዛሬ በዓለም የታወቁት ተወዳዳሪዎች ስፔን ውስጥ ወዳለው ወደ አንግሊሩ አቀበት ሲወጡ፣ ከፊሉ ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ከወትሮው የቀለለ ማርሽ ያስገጥማሉ።

የአጎቴ ምክር ግማሹ ዛሬም አይሻርም፦ ዳገቱ ሳይጀምር ይቀይሩ። ሰንሰለቱ ከክብ ወደ ክብ ያለ ችግር የሚዘለው እግር ሲላላ ነው። አቀበቱ መሃል፣ በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ቢቀይሩ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። እግር ሳይዝል፣ ብስክሌቱ ገና ፍጥነት ሳለው፣ ርግጫውን ለአፍታ አላልተው አንድ በአንድ ያቅሉት።

ብስክሌት ሻጭ ብስክሌቱን ሲያሞግስ «ባለ 21 ማርሽ ነው» ይላል። የማርሹ ብዛት ግን ዳገት መውጣቱን አይነግርም፤ ሃያ አንዱም ለሜዳ የተመጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲገዙ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የዳገት ማርሹ በአንድ ዙር ስንት ሜትር ይሄዳል?» ሻጩ ካላወቀ፣ ጠመኔ ይዘው ይሂዱ።