ለደካሞች ሲባል የቆመ ግድግዳ

አንድ ሕንፃ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ስንጥቁን አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ወርዶ መሠረቱን ይመረምራል። በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ የተባለው የዘር መድልዎ ሥርዓትም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ሥርዓቱ የመንግሥት መመሪያ የሆነው በ1948 ነው፤ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከሥሮቹ አንዱ ግን ቀደም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ውሳኔ ውስጥ ይገኛል።

በ1829 በኬፕ የተሰበሰበው የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ቅዱስ ቍርባን ያለ ቀለምና ያለ ትውልድ ልዩነት ለምእመናን ሁሉ በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ከ28 ዓመታት በኋላ፣ በ1857፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ሌላ በር ከፈተ። አዳዲስ አማኞች ከነባሮቹ ጉባኤ ጋር ቢቀላቀሉ የተወደደና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚስማማ መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን የአንዳንዶች ድካም እንቅፋት በሚሆንበት ሥፍራ ተለይተው በሌላ ሕንፃ እንዲያመልኩ ፈቀደ። ደካሞች የተባሉት ከጥቍር ወንድሞቻቸው ጋር ወደ አንድ ማዕድ መቅረብ ያልወደዱት ነጮች ነበሩ። እንግዲህ መርሑ በጽሑፍ ሳይነካ፣ መርሑን የሚሽር ልማድ ተፈቀደ። በ1881 ክልስ ለሚባሉት ሰዎች የተለየች የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ልማዱን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው የሚያስተምሩ የሥነ መለኮት ሊቃውንት ተነሡ። በ1948 ሥልጣን የያዙት ዳንኤል ማላን ራሳቸው የቀድሞ ቄስ ነበሩ።

ይሁንና ያው ወንጌል ለተገፉት የተቃውሞ ቋንቋ ሆነ። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉት ጥቍር የሜቶዲስት ቄስ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚፈጸመውን መድልዎ አልታገሥም ብለው በመውጣት፣ በ1892 በፕሪቶሪያ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ ስሟንም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አሏት። ስሙን ያገኙት የኢትዮጵያን እጆች መዘርጋት ከሚያነሣው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። ይህም ከዐድዋ ድል አራት ዓመት አስቀድሞ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ፖሊስ 69 ሰዎችን ተኩሶ ከገደለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች በጆሃንስበርግ፣ በኮተስሎ ተሰብስበው፣ በክርስቶስ የሚያምን ማንም ሰው በቀለሙ ምክንያት ከማናቸውም ቤተ ክርስቲያን ሊከለከል አይገባም ሲሉ ተስማሙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንድሪክ ፈርቩርት ተቆጡ፤ የደች ሪፎርምድ ሲኖዶሶችም ተወካዮቻቸው የተስማሙበትን ሻሩ። ከተወካዮቹ አንዱ የነበሩት ቄስ ቤየርስ ናውዴ ግን ከቃላቸው አላፈገፈጉም። በ1963 የክርስቲያን ኢንስቲትዩት የተባለውን ድርጅት ለመምራት ሲሉ ሰበካቸውን ለቀቁ። በ1977 መንግሥት ድርጅቱን ዘጋ፤ በእርሳቸውም ላይ እስከ 1984 የቆየ እገዳ ጣለ።

በ1982 የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በኦታዋ ተሰብስቦ አፓርታይድን በሃይማኖት መደገፍ ኑፋቄ ነው ሲል አወጀ። በዚያው ዓመት የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን የቤልሃር የእምነት መግለጫን አረቀቀች፤ በ1986ም አጸደቀችው። ለደካሞች ሲባል የተለየችው ቤተ ክርስቲያን ለለዩአት መምህር ሆነች ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በ1990 በሩስተንበርግ ጉባኤ ላይ ከደች ሪፎርምድ ወገን የሆኑት ፕሮፌሰር ዊሊ ዮንከር ስለ ራሳቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው በደል በይፋ ተናዘዙ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ኑዛዜውን ተቀበሉ፤ በሌሎች ስም ይቅር ማለት ይገባዎታልን ብለው የጠየቋቸው ግን አልጠፉም። የሁሉም ዘር ሕዝብ በአንድነት ድምፅ የሰጠው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነው።

የ1857ቱ ጉባኤተኞች አፓርታይድን ለመገንባት አልተሰበሰቡም፤ ያደረጉት ለጥቂቶች ቅሬታ ሲሉ ትክክል መሆኑን ከሚያውቁት ነገር ጥቂት መቀነስ ብቻ ነበር። እኛም በሙያችን፣ ሰው እንዳይቀየም ብለን ከመመዘኛው ያነሰውን ሥራ ስናሳልፍ፣ ጭነቱ የሚያርፈው በቅሬታ አቅራቢው ላይ አለመሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ያን ግድግዳ ለማቆም አንድ የሲኖዶስ ውሳኔ በቅቷል፤ ለማፍረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይና የብዙ ሰው ሕይወት ጠይቋል።