ልባችን የነገረን፣ ቁጥሩ የነገረን፦ ከዋግ የተማርነው

ጓደኞቻችንን በሁለት ጎራ መክፈል ይቻላል። አንደኛው ጎራ «ልቤ ነግሮኛል» ባይ ነው። ሥራ ሲለቅ፣ ቤት ሲከራይ፣ ፍቅር ሲጀምር ማስረጃው አንድ ነው፤ ልቡ። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ ወረቀት አውጥቶ መሃሉ ላይ መስመር ያሰምራል። በቀኝ ጥቅም፣ በግራ ጉዳት ጽፎ፣ ደምሮና ቀንሶ ይወስናል። ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ሁለቱ ይነታረካሉ። የልብ ሰዎቹ ያኛውን ወገን «ካልኩሌተር» ይሉታል፤ የስሌት ሰዎቹ «ስሜታዊ» ብለው ይመልሳሉ። እኛ መሃል ላይ የቀረነውስ ማንን እንስማ?

መልሱን ከፍልስፍና መጽሐፍ ልንፈልገው እንችል ነበር። ዛሬ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ደጋ ልንወስዳችሁ ነው። ይህ ጥያቄ እዚያ የማኪያቶ ማጣጫ አልነበረም። አንድ ጊዜ ዙፋን፣ ሌላ ጊዜ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ተንጠልጥሎበት ነበር። ዛሬ ደግሞ የሕፃናት ዕድል ተንጠልጥሎበታል።

60 ሺህ ሰው

ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው። የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉት ዋግሹሞች፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውዱ ወደ ይኩኖ አምላክ ከተሻገረ በኋላም አገራቸውን ሲገዙ ኖረዋል። መቀመጫቸው ሰቆጣ ነበረች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዋግሹሞች እንደሆነ የሚነገር የደረቀ አስከሬን ዛሬም ይዟል።

ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ናቸው። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገድለዋል። ልጅየው ሸፈቱ፤ ነገር ግን ንጉሡ ብርቱ በነበሩበት ዘመን ለቁርጥ ውጊያ አልቸኮሉም። ጠበቁ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲያልፍም መንገድ አልዘጉበትም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። እስከዚህ ድረስ ልባቸው አላሳሳታቸውም።

ትግራይ ውስጥ ግን ሌላ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ደጃዝማች ካሣ ምርጫ። የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት የድንቅነሽ ምርጫ ወንድም ናቸውና ነገሩ የአማቾችም ጠብ ነው። ካሣ ለናፒየር ጦር መንገድና ስንቅ ሰጥተው ነበር። እንግሊዞቹ አገራቸው ሲመለሱ ውለታውን በመድፎችና በመቶዎች በሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ከፈሉ። ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ የካሣን ወታደሮች ያሠለጥን ጀመር።

በ1863 ዓ.ም. ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት የእሳቸውን ሠራዊት 60 ሺህ፣ የካሣን 12 ሺህ ያህል ያደርገዋል። አምስት ለአንድ ማለት ነው። ሐምሌ 5 ቀን፣ በክረምቱ እምብርት፣ ዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ተጋጠሙ። አምስቱ በአንዱ ተሸነፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ተማረኩ፤ ዓይናቸው እንዲጠፋ ተደረገ፤ በእስር እንዳሉም አረፉ። ካሣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ «ዮሐንስ አራተኛ» ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ይህን ታሪክ «አንዱ ስሜታዊ፣ ሌላው አስተዋይ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲያ አይመስለንም። ተክለ ጊዮርጊስም ቆጥረዋል፤ የቆጠሩት ሰው ነው። ባደጉበት ዘመን ብዙ ተከታይ ማለት ብዙ ኃይል ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ልምድ ውሎ ሲያድር ማንም የማይጠይቀው እምነት ይሆናል። «ልቤ ነግሮኛል» የምንለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ደጋግመን ያየነው ነገር ሳንጠራው ሲመጣ ነው። ችግሩ፣ በመቅደላና በአሰም መካከል ባሉት ሦስት ዓመታት የጦርነቱ መለኪያ መቀየሩ ነው። ጥያቄው «ስንት ሰው?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ጠመንጃ፣ በምን ሥልጠና?» ሆነ። የንጉሡ ልብ ግን የትናንቱን ይነግራቸው ነበር።

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ለዓመታት በተቃራኒ ጎራ ቆመው ኖረዋል። አንዱ የልብን ስህተት ሲያጠና፣ ሌላው የባለሙያ ልብ እንዴት ትክክል እንደሚሆን ያጠና ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን አብረው ጻፉ። ልብ የሚታመነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው አሉ፤ አካባቢው የተረጋጋ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየው ስህተቱን እያየ የሚማርበት በቂ ልምምድ ሲያገኝ። አሰም ላይ የፈረሰው የመጀመሪያው ነው።

ቁጥሩ ቀድሞ ደርሶ ነበር

እንግዲያው ሁሉን ለቁጥር እንስጥና እንገላገል? ቆዩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው አገር ሌላውን ግማሽ አስተምሮናል።

ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ ወዲህ አገሪቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበራት። ሥራው አደጋን ቀድሞ ማስላት ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. በኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው ይኸው ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ፤ 450 ሺህ ቶን እህልም ጠየቀ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑክ ግምት ግን 125 ሺህ ቶን ብቻ ነበር። ለጋሾቹ «ኮሚሽኑ ያጋንናል» ብለው ጠረጠሩ። ደርግም በበኩሉ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በባንዲራና በሰልፍ ስትደምቅ፣ የዋግና የላስታ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም በእግሩ ይጎርፍ ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም ተላለፈ። ዓለም ደነገጠ። እርዳታው ጎረፈ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ተካሄደ።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሁላችን ይህን ፊልም አይተነዋል፤ አልቅሰንበታልም። የመጋቢቱን ቁጥር ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር አለ። ቁጥሩ ትክክለኛውን መንገድ ያመለክት ነበር፤ ማንንም ግን ከመቀመጫው አላስነሳም። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እነዚያ አኃዞች በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያየቸው ዓይን እንጂ ልብ አልነበረም።

ልብም ቢሆን ብቻውን ጎዶሎ ነው። የተነካው ዓለም እህል ላከ። ድርቁን ወደ እልቂት የለወጡት ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ ግን በዚያ ሁሉ ዜማ መሃል እምብዛም አልተነሡም። ያለቀሰ ሰው ሁሉ «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

«አባቱም አጭር ነው»

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሰቆጣ ስሟን ለአንድ አገራዊ ውጥን ሰጠች። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል የገባበት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል አኃዙ 46 በመቶ ነበር።

መቀንጨር ልብን ያታልላል። ልጁ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ አጥንቱ አልገጠጠም። የጎረቤቱም ልጅ ቁመት ያው ነው። ሁሉም በቀነጨረበት ቀዬ የቀነጨረ ልጅ አይታይም፤ እናት «አባቱም አጭር ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? እናትነቷ ያልጎደለ፣ ፍቅሯ ያልጎደለ እናት ልቧ እዚህ ላይ ዝም ይላታል። እውነቱን የሚነግራት የመለኪያው ሰሌዳ ነው።

ሰሌዳው ግን ልጁን አያበላውም። ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ በጾም ወራት ለሕፃኑም ወተትና እንቁላል የማይሰናዳበት ቤት አለ። እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ የሚወጣበት ቤትም አለ። ይህን የሚያውቀው ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከአካባቢው የወጣች፣ ቋንቋውን የምትናገር ሠራተኛ ቤት ለቤት ትዙር። ይህች ሴት በአንድ እጇ መለኪያ ይዛለች። የትኛዋን እናት በምን ቃል፣ በየትኛው ሰዓት ማናገር እንዳለባት ደግሞ የትም አልተጻፈላትም። ልቧ ነው የሚነግራት። ያ ልብ በየቀኑ በር እያንኳኳ፣ እየተሳሳተና እየታረመ የሠለጠነ ልብ ነው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ዋግ ኽምራን መልሰው መትተዋል። ቃል ኪዳኑ የቀጠረው ዓመት እየቀረበ ነው፤ ለተወለደ ሕፃን ደግሞ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ቀጠሮ አይሰጡም።

ወደ ማኪያቷችን እንመለስ። ልብ ሰነፍ አይደለም፤ የትናንት ትምህርታችን ነው። ስለዚህ «ልቤ ነግሮኛል» ላለን ጓደኛችን ጥያቄ አለን፤ ልብህ ይህን የተማረው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ጠመንጃው አልተቀየረም? ወረቀቱ ላይ መስመር ላሰመረችውም ጥያቄ አለን፤ ቁጥሩ ትክክል ነው እንበል፣ ታዲያ መጋቢት ላይ ያወቅሽውን ለማድረግ ጥቅምትን የምትጠብቂው ለምንድን ነው?

ሁለቱንም ጥያቄ ለራሳችንም እናቀርባለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።