ጎልፍ፦ ጀማሪውና ባለልምዱ በእኩል የሚፎካከሩት እንዴት ነው?

በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በሞምባሳ በሚገኙ የጎልፍ ክለቦች በሳምንቱ መጨረሻ የሚካሄዱ የአማተር ውድድሮች ለአዲስ ተመልካች እንቆቅልሽ የሚሆን ውጤት ይታይባቸዋል። 18ቱን ጉድጓዶች በ80 ምት የጨረሰው ተጫዋች ሁለተኛ ሲወጣ፣ 101 ምት የፈጀበት ዋንጫውን ይወስዳል። ጎልፍ በትንሽ ምት የጨረሰ የሚያሸንፍበት ጨዋታ መሆኑን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስህተት ወይም አድልዎ ሊመስለው ይችላል።

ስህተትም አድልዎም አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ታዋቂ አትሌቶችንና በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሯጮችን በአንድ ጎዳና ላይ ያሰልፋል፤ ሆኖም ለጤናው የሚሮጠው ሰው አትሌቱን እቀድማለሁ ብሎ አይነሳም። በአማተር ጎልፍ ግን የ65 ዓመት ጡረተኛ፣ ጨዋታውን ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ሴትና የክለቡ ጠንካራ ተጫዋች በአንድ ውድድር ይገናኛሉ፤ ሦስቱም የማሸነፍ ተስፋ አላቸው። ይህን የሚያስችለው ሃንዲካፕ የተባለው ሥርዓት ነው።

ቃሉ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ከነበረ፣ ሰዎች እጃቸውን ባርኔጣ ውስጥ ከሚከቱበት የዕቃ መለዋወጫ ጨዋታ ነው። በኋላም ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ተሻግሮ በፈጣኑ ፈረስ ላይ ተጨማሪ ክብደት የሚጫንበት አሠራር መጠሪያ ሆነ። በጎልፍ ጠንካራው ሸክም አይጫንበትም፤ ደካማው ምት ይቀነስለታል።

ስንት ምት ይቀነስ?

አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ በዓለም ላይ ስድስት የተለያዩ ሥርዓቶች ይሠራባቸው ስለነበር፣ የአንድ አገር ተጫዋች ሃንዲካፕ በሌላው አገር ካለው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም ነበር። አር ኤንድ ኤ የተባለው መቀመጫውን ስኮትላንድ ያደረገ ተቋምና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በጋራ ያዘጋጁት የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት እአአ ከ2020 ጀምሮ እነዚህን ተክቷል።

በአዲሱ ሥርዓት መሠረት ከአንድ ተጫዋች የመጨረሻ 20 ውጤቶች ውስጥ ምርጥ ስምንቱ ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል። ይህ የተጫዋቹ ኢንዴክስ ይባላል፤ ለወንዶችም ለሴቶችም ከፍተኛው 54 ነው። ሁሉም 20 ውጤቶች ሳይሆኑ ምርጦቹ ብቻ መወሰዳቸው ትልቅ ትርጉም አለው። ሃንዲካፕ የሚለካው ሰውየው እንደወትሮው ሲጫወት የሚያመጣውን ውጤት አይደለም፤ ጥሩ ቀን ሲገጥመው የሚደርስበትን ነው። በመሆኑም አብዛኛው ተጫዋች በአብዛኛው ቀን ከሃንዲካፑ የባሰ ውጤት ያስመዘግባል። ይህን የማያውቁ ጀማሪዎች ሳያስፈልግ ሲበሳጩ ይታያሉ።

የሚነጻጸረው ጥሬው የምት ብዛትም አይደለም። እያንዳንዱ ሜዳ በባለሙያዎች ተለክቶ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል። የመጀመሪያው ሃንዲካፑ ዜሮ የሆነ ተጫዋች በዚያ ሜዳ ላይ ሊያስመዘግብ የሚጠበቀው ውጤት ነው። ሁለተኛው ስሎፕ የሚባለው ሲሆን ከ55 እስከ 155 ይደርሳል፤ መካከለኛው መነሻ 113 ነው። ስሎፕ የሚናገረው ሜዳው ከጠንካራው ይልቅ ደካማውን ምን ያህል አብልጦ እንደሚቀጣ ነው። ውኃ መሻገርን የሚጠይቅ ጉድጓድ ርቆ ለሚመታ ተጫዋች ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለጀማሪው ግን ሦስት ኳስ የሚያስጠፋ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታም ከስሌቱ ይገባል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ኳስ በባሕር ዳርቻዋ ሞምባሳ ከሚሄደው ርቀት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሜዳ የሚለኩ ባለሙያዎች የጉድጓዶቹን ርዝመት በሜትር ብቻ አይወስዱም። ኃይለኛ ንፋስ ወይም ዝናብ የዕለቱን ውጤት ሁሉ ካበላሸው ደግሞ የዚያ ቀን ስሌት ይስተካከላል።

ወደ መግቢያው ምሳሌ እንመለስ። ኢንዴክሳቸው 6 እና 26 የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች ፓሩ 72፣ የመጀመሪያው ቁጥሩ 72.4፣ ስሎፑ 130 በሆነ ሜዳ ላይ ተገናኙ እንበል። ኢንዴክሳቸው በ130 ተባዝቶ ለ113 ሲካፈል፣ በ72.4 እና በ72 መካከል ያለው ልዩነትም ሲደመርበት አንደኛው ወደ 7፣ ሁለተኛው ወደ 30 ይደርሳል። በወረቀት 20 የነበረው ልዩነት በዚህ ከባድ ሜዳ 23 ሆነ ማለት ነው። በግል የምት ውድድር ከዚህ 95 በመቶው ብቻ ስለሚሰጥ አንደኛው 7፣ ሁለተኛው 29 ምት ይቀነስላቸዋል። 80 የመታው የተጣራ ውጤቱ 73፣ 101 የመታው ደግሞ 72 ይሆናል። ዋንጫው በአንድ ምት ብልጫ የሁለተኛው ነው።

የሐኪሙ መፍትሔ

ሃንዲካፕ ቢኖርም የምት ውድድር አንድ ጭካኔ አለው። ጀማሪው በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሱ አሸዋ ውስጥ ገብታ 12 ምት ቢፈጅበት የቀረው የአራት ሰዓት ጨዋታ ትርጉም ያጣበታል። በእንግሊዝ ሊቨርፑል አቅራቢያ የሚገኘው የዎላሲ ክለብ አባል የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍራንክ ስቴብልፎርድ ይህን አስተውለው ነበር። ንፋስ በማይለየው የባሕር ዳርቻ ሜዳቸው ላይ ሰዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ተስፋ ይቆርጡ ነበር። ሐሳባቸውን በዌልስ እአአ በ1898 ሞክረውት የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአጨዋወት ስልት በዎላሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር የበቃው በ1932 ነው።

በስቴብልፎርድ የሚቆጠረው ምት ሳይሆን ነጥብ ነው። ተጫዋቹ የሚቀነስለት ምት ከተቀነሰ በኋላ የጉድጓዱን ፓር ካገኘ ሁለት ነጥብ፣ በአንድ ምት ካለፈ አንድ፣ በአንድ ምት ካሻሻለ ሦስት፣ በሁለት ካሻሻለ አራት ይሰጠዋል። ከፓር በሁለትና ከዚያ በላይ ካለፈ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ በታች ግን የለም። 12 የመታውም 20 ሊመታ የነበረውም የሚያጡት የአንድ ጉድጓድ ነጥብ ብቻ ነው።

ምቶቹ የሚከፋፈሉት በጉድጓዶቹ የክብደት ቅደም ተከተል ነው። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ 29 ምት የተሰጠው ተጫዋች በ18ቱም ጉድጓዶች አንድ አንድ፣ በ11ዱ ከባባድ ጉድጓዶች ደግሞ ተጨማሪ አንድ ያገኛል። ባላጋራው በሰባቱ ከባባዶች ላይ ብቻ አንድ አንድ አለው። ፓሩ አራት በሆነ ከባድ ጉድጓድ ላይ አንደኛው በአምስት፣ ሌላው በስድስት ቢጨርሱ ሁለቱም እኩል ሁለት ነጥብ ይይዛሉ።

ሌላም ጥቅም አለው፦ ጊዜ ይቆጥባል። ነጥብ ማግኘት እንደማይችል ያወቀ ሰው ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይሄዳል። ከኋላ ብዙ ቡድን ለሚጠብቅበት የቅዳሜ ውድድር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአካባቢያችን ክለቦች ስቴብልፎርድ መዘውተሩም በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ለምን መቶ በመቶ አይሰጥም?

ደካማ ተጫዋች ውጤቱ ይዋዥቃል፤ ዛሬ 95፣ ነገ 112 ሊመታ ይችላል። ጠንካራው ግን በጠባብ ክልል ውስጥ ይመላለሳል። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲጋጠሙ ይህ መዋዠቅ ብዙም ለውጥ ስለማያመጣ በማች ፕሌይ፣ ማለትም በየጉድጓዱ በሚሸናነፉበት ግጥሚያ፣ ልዩነቱ መቶ በመቶ ይሰጣል። መቶ ሰው በሚሳተፍበት ውድድር ግን ከብዙዎቹ ደካሞች አንዱ የዕድሜ ልክ ምርጡን ቀን የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። 5 በመቶው የሚቀነሰው ይህን ለማመጣጠን ነው።

በቡድን ጨዋታ ቅነሳው ይበረታል። ሁለት ጥንዶች የየራሳቸውን ኳስ እየመቱ በየጉድጓዱ የተሻለው ውጤት ብቻ በሚያዝበት የምት ውድድር 85 በመቶ ይሰጣል። ድርጅቶች ለእንግዶቻቸው በሚያዘጋጁት ስክራምብል ደግሞ አራቱ ተጫዋቾች ሁሉም ከመቱ በኋላ ከተሻለው ኳስ ቦታ ይቀጥላሉ። በዚህ ከጠንካራው ሃንዲካፕ 25 በመቶ፣ ከቀጣዮቹ 20፣ 15 እና 10 በመቶ ተወስዶ ይደመራል። ስክራምብል የሰውን ችሎታ አይመዝንም፤ ጎልፍ ይዞ የማያውቅን ሰው ሳያሸማቅቁ ለማጫወት ግን የሚወዳደረው የለም።

አቅሙን የሚደብቀው

የሥርዓቱ ደካማ ጎን በታማኝነት ላይ መቆሙ ነው። ትልቅ ሽልማት ያለው ውድድር ሲቃረብ ሆን ብሎ መጥፎ ውጤት እያስመዘገበ ሃንዲካፑን የሚያሳድግ ሰው በየክለቡ የሐሜት ርዕስ ነው። የሚጎዳውም ጠንካራውን ተጫዋች ብቻ አይደለም፤ ለወራት ተለማምዶ በእውነት የተሻሻለው ጀማሪ ሲያሸንፍ በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርጋል። ጥሩውን ብቻ እያስመዘገበ በትንሽ ሃንዲካፕ የሚኩራራም አለ፤ እርሱ የሚጎዳው ራሱንና አጣማሪውን ነው።

የዓለም ሥርዓቱ መከላከያዎች አበጅቷል። በአንድ ጉድጓድ ላይ የተበላሸ ውጤት ለሃንዲካፕ ስሌት የሚያዘው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ ነው። የተጫዋቹ ኢንዴክስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከነበረበት ዝቅተኛ ደረጃ ከሦስት በላይ ሲያድግ ጭማሪው በግማሽ ይገታል፤ ከአምስት በላይ ደግሞ አያልፍም። በአንጻሩ ከኢንዴክሱ በሰባት ምት ወይም ከዚያ በላይ የተሻለ ውጤት ያመጣ አንድ፣ በአሥርና ከዚያ በላይ ያመጣ ሁለት ወዲያውኑ ይቀነስበታል። ከዚህ ያለፈው ለክለቡ የሃንዲካፕ ኮሚቴ የተተወ ነው፤ ኮሚቴው ማስረጃ ካለው የማንንም ተጫዋች ቁጥር የማስተካከል ሥልጣን አለው።

አዲስ ተጫዋች ኢንዴክስ ለማግኘት 54 ጉድጓዶችን ተጫውቶ ውጤቱን ማስገባት ይበቃዋል። ሦስት ሙሉ ዙሮችን ወይም ስድስት የዘጠኝ ጉድጓድ ዙሮችን ሊሆን ይችላል፤ በመነሻው ላይም ምርጡ ተወስዶ ሁለት ይቀነስበታል። ካርዱ ላይ አብሮት የተጫወተ ሰው መፈረም ይኖርበታል።