ግርግም በአደባባይ

በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1223 ዓ.ም. ቅዱስ ፍራንሲስ ዘአሲሲ ግሬቾ በምትባል የኢጣልያ መንደር ድርቆሽ የሞላበት ግርግም አዘጋጅቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ፣ ምሥጢረ ልደቱ ለባላገሩ በዓይን እንዲታይ ካደረገ ወዲህ፣ ይህ ልማድ በምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ አደባባይ እየወጣ፣ በመጨረሻ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልደቱ በቅብ ሥዕል እንጂ በተቀረጸ ምስል ስለማይገለጥ፣ እመቤታችንና ዮሴፍ፣ እረኞችና ሰብአ ሰገል በከተማ መናፈሻ ቆመው ማየት ለሀገራችን ሰው እንግዳ ይሆንበታል፤ ዳሩ ግን እነዚሁ ምስሎች በአሜሪካ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘለቀ ብርቱ ሙግት ስላስነሡ፣ በዓሉን በአደባባይ የሚያከብር ሕዝብ ሁሉ ታሪካቸውን ቢያውቅ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ሙግት የአማንያንና የከሐድያን ጠብ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን በዚያች ምድር በዓለ ልደትን ከአደባባይ ቀድመው ያገዱት፣ ቅዱስ መጽሐፍን ቀንና ሌሊት የሚያነቡ፣ ስለ ሃይማኖታቸው ተሰደው የመጡ ፒዩሪታኖች ነበሩ፤ ቀኑ በመጽሐፍ አልታዘዘም ብለው በ1659 በማሳቹሴትስ ባወጡት ሕግ፣ ሥራ ፈትቶ ወይም ድግስ ደግሶ በዓሉን ያከበረ ሰው 5 ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገጉ፤ ሕጉም የተሻረው በ1681 ነው። በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ ልደት የሕግ በዓል የሆነው ገና በ1870፣ በፕሬዚዳንት ግራንት ዘመን ነው። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ፣ በአንድ በኩል መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቆም፣ በሌላ በኩል ማንም ሃይማኖቱን በነጻነት ከመፈጸም እንዳይታገድ ያዛል፤ ሁለቱ ትእዛዛት በብራና ላይ ተስማምተው ቢኖሩም፣ የገና ሰሞን በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሲገናኙ ይጋጫሉ።

በሮድ አይላንድ የምትገኘው የፖታኬት ከተማ፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር በያዘው በገበያው መካከል ባለ መናፈሻ ውስጥ፣ ከ40 ዓመት ላላነሰ ጊዜ የገና ትርኢት ታቆም ነበር። የገና አባት ቤት፣ ሠረገላ የሚስቡ አጋዘኖች፣ የገና ዛፍ፣ የአጫዋችና የዝሆን፣ የመጫወቻ ድብም ምስል፣ በመቶ የሚቈጠሩ ባለ ቀለም መብራቶች፣ ከእነዚህም መካከል ከ5 ኢንች እስከ 5 ጫማ ቁመት ያላቸው የግርግሙ ምስሎች ይታዩ ነበር። ከተማዋ ምስሎቹን በ1973 የገዛችው በ1,365 ዶላር ሲሆን፣ ከተማዋ በግርግሙ ምክንያት በተከሰሰች ጊዜ ዋጋቸው ወደ 200 ዶላር ወርዶ፣ ለመትከልና ለመንቀል በዓመት የሚወጣው ወጪም 20 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ከሳሾቹን ያስቈጣቸው ግን የገንዘቡ መጠን አልነበረም፤ ግብር የሚከፍሉባት ከተማ የአንዱን ወገን እምነት የራሷ አድርጋ ስታቆም፣ ሌላው በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ መቈጠሩ ነው። ይህን ስሜት የማይረዳ ሰው፣ በሌላው አገር በጥቂትነት ኖሮ የማያውቅ መሆን አለበት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ በርገር፣ ግርግሙ ሕዝቡ የሚያከብረውን በዓል ታሪካዊ መነሻ ያሳያል እንጂ ሃይማኖትን አያቆምም አሉ። በፍርዱ ካልተስማሙት አንዱ የነበሩት ዳኛ ብላክመን ግን፣ በዚህ ድል ግርግሙ ቅዱስ ትርጉሙን ተነጥቆ ለንግድ የሚጠቅም የሰሞን ምልክት ሆኖ መቅረቱን በኀዘን ጻፉ። እኔም የምስማማው ከእሳቸው ጋር ነው፤ ሥጋ የለበሰው ቃል ከዝሆንና ከአጫዋች ጋር በአንድ ረድፍ ተቈጥሮ መፈቀዱን፣ በዚያ ቀን ደስ ያለው ምእመን ሁሉ ደግሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ከ5 ዓመት በኋላ በዚሁ ፍርድ ቤት የታየው የፒትስበርግ ከተማ ጉዳይ፣ ግርግሙ የሚፈቀደው ከዓለማዊ ጌጥ ጋር ሲደባለቅ መሆኑን ገሃድ አወጣው። በዚያ በካውንቲው ፍርድ ቤት ታላቅ ደረጃ ላይ የቆመው ግርግም ብቻውን ነበረ፤ በላዩም የመላእክትን ምስጋና በላቲን የያዘ መልአክ ነበረበት፤ ከዚህም የተነሣ ተከለከለ። በሌላ የመንግሥት ሕንፃ ፊት ከ45 ጫማ የገና ዛፍ አጠገብ የቆመው 18 ጫማ ቁመት ያለው የአይሁድ የሐኑካ በዓል መቅረዝ ግን ተፈቀደ። ስለ መቅረዙም አይሁድ ራሳቸው አልተስማሙም፤ በአደባባይ ማብራቱን የሉባቪች ሐሲዳውያን የሚባሉት አይሁድ በትጋት ሲያስፋፉት፣ በ1979ም ፕሬዚዳንት ካርተር በዋሺንግተን በማብራቱ ሥነ ሥርዓት ሲገኙ፣ ሌሎች አይሁድ ግን ሃይማኖትን ከመንግሥት የሚለየው አጥር ቢፈርስ አስቀድሞ የሚጐዳው ጥቂቱ ወገን ነው ብለው ይቃወሙ ነበር።

በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ሞኒካ ከተማ የባሕር ዳር መናፈሻ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ከ1953 ጀምሮ የልደቱን ታሪክ በተከታታይ ትዕይንት ያቆሙ ነበር። በ2011 ጠያቂው ስለበዛ ከተማዋ ቦታውን በዕጣ ስታድል፣ ከ21ዱ 18ቱ ፈጣሪ የለም ለሚሉት ደረሰ፤ በተከታዩ ዓመት ከተማዋ ለሁሉም ከለከለች። ምእመናኑም ምስሎቻቸውን ወደ ግል ይዞታ ወስደው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ዝሆንም አጫዋችም ሳይጨምሩ አቆሟቸው።