አንድ ስም፣ የተለያዩ በሽታዎች፦ የዘረ-መል ምርመራ ኃይለኛ ሊምፎማን እንዴት ይለያል?

ሊምፎማ ሰውነትን ከበሽታ ከሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። በፍጥነት ከሚያድጉት ዓይነቶቹ መካከል በብዛት የሚታየው 'ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ' ሲሆን፣ ሆጅኪን ካልሆኑት ሊምፎማዎች ሲሶ ያህሉን ይይዛል።

ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሕክምና ይድናሉ። በቀሪዎቹ ላይ ግን በሽታው መድኃኒቱን ይቋቋማል፤ አልያም ጠፍቶ ይመለሳል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የሁለቱም ወገን ካንሰር አንድ ይመስላል።

ሁለት መነሻዎች

የሰውነት ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ዘረ-መሎችን ቢይዙም ሁሉንም በእኩል አይጠቀሙም። አንድ ዘረ-መል ሥራ ላይ ሲሆን አርኤንኤ የተባለ መልዕክት ያመነጫል። ይህን መልዕክት ከካንሰሩ ናሙና በመለካት በሺዎች ከሚቆጠሩ ዘረ-መሎች የትኞቹ እንደሚሠሩ፣ የትኞቹ ዝም እንዳሉ በአንድ ጊዜ ማወቅ ይቻላል።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋምና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት 'ኔቸር' በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በዚህ ዘዴ አንድ ይመስል የነበረው በሽታ ለሁለት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ዓይነት፣ በምህጻሩ 'ጂሲቢ'፣ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ማምረትን ከሚለማመዱ ሕዋሳት ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው 'ኤቢሲ' ደግሞ ይህን ደረጃ አልፈው ለሥራ የተነቃቁ ሕዋሳትን ይመስላል። በ2002 በ240 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ ከጂሲቢ ታማሚዎች 60 በመቶ፣ ከኤቢሲ ታማሚዎች ደግሞ 35 በመቶ የሚሆኑት አምስት ዓመት መኖራቸውን አሳየ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሆስፒታል

የመጀመሪያው ዘዴ በበረዶ የተጠበቀ ትኩስ ናሙና ይፈልግ ስለነበር ለአብዛኞቹ ሆስፒታሎች አልተመቸም። በ2004 ሦስት ፕሮቲኖችን ብቻ በቀለም በመለየት የሚሠራ ቀላል ዘዴ ቀረበ። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ በስፋት ቢሠራበትም ውጤቱ ከዘረ-መል ምርመራው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ቆይቶ በፎርማሊንና በሰም ከተቀመጠ ናሙና 20 ዘረ-መሎችን የሚለካ ምርመራ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባሻሻለው የምደባ መመሪያ ሁለቱ ዓይነቶች በምርመራ ውጤት ላይ እንዲለዩ ጠየቀ።

መለየቱ ሕክምናን ይቀይራል?

እስካሁን የሁለቱም ዓይነት ታማሚዎች የመጀመሪያ ሕክምና በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። በኤቢሲ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን የእድገት ምልክት የሚያቋርጠው ኢብሩቲኒብ የተባለ መድኃኒት ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተሞክሮ፣ በአጠቃላይ ሲታይ የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። ከ60 ዓመት በታች ያሉት ሲጠቀሙ፣ በዕድሜ የገፉት ግን በጎንዮሽ ጉዳት ተቸገሩ።

በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶች ለዚህ አንድ ማብራሪያ ሰጡ። የዘረ-መል ለውጦችን ሲመረምሩ፣ አንዱ ጥናት አራት፣ ሌላው አምስት ንዑስ ዓይነቶችን ለየ። ኤቢሲ ራሱ የተለያዩ በሽታዎች ስብስብ ነበር ማለት ነው። የኢብሩቲኒብ ሙከራ ናሙናዎች በዚህ መልክ እንደገና ሲታዩ፣ በተወሰኑ ንዑስ ዓይነቶች የተያዙ ወጣት ታማሚዎች በእጅጉ ተጠቅመው ተገኙ።

ናሙናው ወሳኝ ነው

ይህ ሁሉ በቂ ናሙና ከሌለ አይሠራም። በቀጭን መርፌ የሚወሰዱ ጥቂት ሕዋሳት ካንሰር መኖሩን ሊጠቁሙ ቢችሉም ዓይነቱን ለመለየት ብዙውን ጊዜ አይበቁም፤ የሚመረጠው ያበጠውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ መመርመር ነው። እንደ ኢትዮጵያ የዕጢ ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች የአንገት እብጠት በቅድሚያ ከቲቢ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ በሕክምና ያልጠፋ እብጠት በዚህ መንገድ እንዲታይ ማድረግ ጊዜን ያተርፋል።