ያለ ጠባቂ ራሱን የሚጭነው ዲስክ፤ አጭር ታሪክ

የኮምፒውተር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ሥፍራ የሚይዙት ፈልሳፊዎቹና ታላላቆቹ ኩባንያዎች ናቸው። መሣሪያው ከካርቶኑ ወጥቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ስለሚደክሙት ባለሙያዎች የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ባለሙያዎች ለራሳቸው ችግር ያበጁት አንድ መፍትሔ፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ከነማሻሻያውና ከነድራይቨሩ ያለ ሰው ጥበቃ የሚጭን ዲስክ፣ ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ባጭሩ ተርኮ አንድ ነጥብ ማሳየት ነው፤ ይኸውም ዲስኩ የባለሙያውን ድካም ቢያቃልልለትም ኃላፊነቱን አላቃለለለትም፤ ከመጫኛው ሰዓት ወደ ዝግጅቱ ሰዓት አሻገረው እንጂ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የማሽኑ ጥያቄዎች

ማናቸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚጫንበት ጊዜ በማሽኑና በሰውየው መካከል ረዘም ያለ ጥያቄና መልስ ይካሄዳል። ጥቅምት 25 ቀን 2001 ለገበያ የቀረበውን ዊንዶውስ ኤክስፒን ለምሳሌ ብንወስድ፣ መጫኛው በየትኛው የዲስክ ክፍል ላይ እንደሚቀመጥ፣ የውሉን ቃል መቀበላችንን፣ ቋንቋውን፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የምርቱን መለያ ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን መጠሪያ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ የሰዓት ክልሉንና የኔትወርኩን ሁኔታ በየተራ ይጠይቃል። ችግሩ ጥያቄዎቹ በአንድነት አለመቅረባቸው ነው። አንዱ በመጀመሪያ፣ ሌላው ፋይሎች ከተገለበጡ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ወደ መጨረሻው ስለሚመጣ ባለሙያው ማሽኑን ትቶ መሄድ አይችልም።

ለአንድ ኮምፒውተር ሲሆን ይህ ቀላል ነገር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት 50 ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ቢረከብና እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ግን የአንድ ሰው የሳምንት ሥራ መሆኑ ነው። ከድካሙ ይልቅ የሚከፋው የመልሶቹ አለመመሳሰል ነው። ጠዋት የተጫነውና ሲመሽ የተጫነው ማሽን እኩል አይሆኑም፤ የአንዱ ሰዓት ይዛባል፣ የሌላው መጠሪያ ከደንቡ ውጭ ይሆናል። ከወራት በኋላ ብልሽት ሲነሣ ደግሞ በየትኛው ማሽን ላይ ምን እንደተመለሰ የሚያስታውስ አይገኝም፤ ሥራው በቃል እንጂ በጽሑፍ አልነበረምና።

፪. የመልሱ ፋይል

መፍትሔው መልሶቹን አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ነበር። ሐሳቡ ከአንድ ኩባንያ ብቻ የፈለቀ አይደለም። የሰን ኩባንያ ለሶላሪስ ጃምፕስታርት የተባለውን፣ ሬድ ሃት ደግሞ ለሊኑክስ ኪክስታርት የተባለውን ዘዴ በ1990ዎቹ ውስጥ አቅርበዋል። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዘመን ለዊንዶውስ ኤንቲና ለዊንዶውስ 95 ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል። በሁሉም ዘንድ መሠረቱ አንድ ነው፤ መጫኛው ጥያቄውን ለሰው ከማቅረቡ በፊት የተጻፈ መልስ መኖሩን ይመረምራል፤ ካገኘ በዚያው ይቀጥላል።

ለዲስኩ መወለድ ሌላም ነገር አስፈልጓል። ዊንዶውስ 95 በፍሎፒ ሲሸጥ 13 ዲስኮች ይፈልግ ስለነበር እነርሱን እየቀያየረ የሚያጎርስ ሰው ሳይኖር የሚሠራ መጫኛ ሊታሰብ አይችልም ነበር። ፊኒክስና አይቢኤም ኤል ቶሪቶ የተባለውን ደንብ በ1995 ሲያወጡ ኮምፒውተር በቀጥታ ከሲዲ እንዲነሣ መንገዱ ተከፈተ። ወደ 700 ሜጋባይት የሚይዘው ሲዲ መነሻውንም፣ ፋይሎቹንም፣ መልሶቹንም በአንድነት ሊሸከም ቻለ።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ላይ መልሶቹ የሚቀመጡት አይ386 በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ ዊንት ዶት ሲፍ በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉን ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በውስጡ የሰዓት ክልል በቁጥር ይጻፋል፤ ናይሮቢን፣ ስለዚህም አዲስ አበባን የሚመለከተው ቁጥር 155 ነው። በዚህ ሥፍራ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚሠራበትን ቁጥር 4 ያለ ማስተዋል የጻፈ ሰው፣ ከዲስኩ የሚጫኑት ማሽኖች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለሌላ አህጉር ሰዓት የተደነገጉ ይሆኑበታል። ቀድሞ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ይቀር የነበረው ስሕተት በሁሉም ላይ ይባዛል። በአንጻሩ ግን ስሕተቱ ተጽፎ የሚገኝ በመሆኑ ማንም ባልደረባ አይቶ ሊያርመው ይችላል። ከቃል ወደ ጽሑፍ የመሸጋገሩ ትርፍም አደጋም በዚህ ይታያል።

፫. በሩጫ ላይ መታጠቅ

ዲስኩን ከምቾት ዕቃነት ወደ አስፈላጊ መሣሪያነት የለወጠው የ2003 ክረምት ነው። ማይክሮሶፍት በሐምሌ ወር ለአንድ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ማረሚያ አወጣ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 2003፣ ብላስተር የተባለው ትል በዚያው ክፍተት እየገባ በዓለም ላይ ተሠራጨ። በሚያዝያ 2004 መጨረሻ ደግሞ ሳሰር የተባለው ተከተለ። ሁለቱም ተጠቃሚው ደብዳቤ እንዲከፍት ወይም ፋይል እንዲነካ አይጠብቁም ነበር፤ ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር መገናኘቱ ብቻ ይበቃቸዋል።

በዚህ ጊዜ ነባሩ የአሠራር ልማድ ፈረሰ። ልማዱ በ2001 በታተመው ሲዲ መጫን፣ ከዚያም ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ማሻሻያዎቹን ማውረድ ነበር። ሆኖም ያልታረመው ማሽን ማረሚያውን ለማምጣት በወጣበት መንገድ ላይ ትሉ ይቀድመው ጀመር። ሳንስ የተባለው የደኅንነት ተቋም በ2004 ባቀረበው ግምት መሠረት፣ ያልታረመ የዊንዶውስ ማሽን በኢንተርኔት ላይ ሳይጠቃ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ወርዶ ነበር። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚሉት፣ መታጠቂያው ከሩጫው በፊት መሆን ነበረበት።

አስቀድሞ የመታጠቁ ዘዴ ማሻሻያውን ከመጫኛው ፋይሎች ጋር ማዋሐድ ነው። የሲዲው ይዘት ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፤ ሰርቪስ ፓኩ በልዩ ትእዛዝ እንዲሠራ ሲደረግ በማሽኑ ላይ ከመጫን ይልቅ በተገለበጠው ማኅደር ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፋይሎች በአዲሶቹ ይተካል። ከዚያም የመነሻው ክፍል ከዋናው ሲዲ ተወስዶ አዲስ ዲስክ ይቀረጻል። በቀረጻው ጊዜ ከመነሻው ክፍል እንዲነበብ የሚታዘዘው 4 ሴክተር መሆን አለበት፤ ይህችን ትንሽ ቁጥር የዘነጋ ሰው ፋይሉ ሁሉ የተሟላ፣ ነገር ግን ሊነሣ የማይችል ዲስክ ይዞ ይቀራል።

በነሐሴ 2004 የወጣው የኤክስፒ 2ኛ ሰርቪስ ፓክ እስከዚያ ድረስ ተዘግቶ ይመጣ የነበረውን የኔትወርክ መከላከያ ግንብ ከመጀመሪያው ክፍት አድርጎ ስለመጣ፣ እርሱን የተዋሐደ ዲስክ ማዘጋጀት ታላቅ ጥቅም ሰጠ። ፓኩ ወደ 266 ሜጋባይት ይመዝን ነበር። በሴኮንድ 56 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ የስልክ መስመር ያለ አንዳች መቆራረጥ ቢወርድ እንኳ ከ11 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 በጀመረባትና በዚያ ዘመን ብዙው ሰው በስልክ መስመር ይገናኝባት በነበረችው አገራችን ይህ ስሌት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። አንድ ጊዜ ወርዶ በዲስክ ላይ የተዋሐደ ማሻሻያ ግን ለ1 ማሽንም ለ50 ማሽንም ወጪው ያው ነው።

፬. የድራይቨር ችግር

ሁለተኛው ፈተና ሃርድ ዲስኩን የሚያሳውቀው ድራይቨር ነበር። ኤክስፒ ከወጣ በኋላ የተሠሩት ማሽኖች የሳታ መቆጣጠሪያ ይዘው ሲመጡ አሮጌው ሲዲ አያውቃቸውም። መጫኛው «ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም» ይላል፤ አለዚያም በሰማያዊው ገጽ ላይ የታወቀውን 7ቢ የተባለ የስሕተት ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። በደንቡ የታዘዘው መፍትሔ በመጫኛው መጀመሪያ ላይ ኤፍ6 የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ድራይቨሩን በፍሎፒ ማቅረብ ነበር። ሆኖም ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሮች ፍሎፒ ማንበቢያ ሳይኖራቸው መሠራት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። መፍትሔው የማይገኝ ዕቃ የሚጠይቅ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎች ድራይቨሩን ራሱን ወደ ሲዲው አስገቡት። ይህም ፋይሉን ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ መጫኛው በመጀመሪያው የጽሑፍ ገጽ ደረጃ በሚያነበው ዝርዝር ውስጥ የመቆጣጠሪያው መለያ ቁጥር ከድራይቨሩ ስም ጋር ተጣምሮ መመዝገብ አለበት። በእጅ ሲሠራ ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው። በዚህ ረገድ ዲኖ ኑሃጊች ያዘጋጀው ኤንላይት የተባለ ፕሮግራም ሥራውን በጥቂት ንክኪ የሚፈጸም አደረገው። ድራይቨርፓክስ የተባለው ስብስብ ደግሞ የብዙ አምራቾችን ድራይቨሮች በአንድነት ጠቅልሎ አቀረበ።

ኖርተን ጎስት ለዚሁ ችግር ሌላ መንገድ ነበር። በኒውዚላንድ ተወልዶ በ1998 ወደ ሲማንቴክ የተዛወረው ይህ ፕሮግራም የአንድን የተዘጋጀ ማሽን ሃርድ ዲስክ እንዳለ ገልብጦ ወደ ሌሎች ያባዛል። ፍጥነቱ የሚደነቅ ቢሆንም የሚያመቸው ለአንድ ዓይነት ማሽኖች ነው። የኤክስፒ ግልባጭ የተለየ የዲስክ መቆጣጠሪያ ወዳለው ማሽን ሲዛወር ያንኑ 7ቢ ይዞ ይቆማል። በተለያየ ጊዜ በግዢና በእርዳታ የተሰበሰቡ ልዩ ልዩ ማሽኖች ላሉት መሥሪያ ቤት ከግልባጩ ይልቅ ድራይቨር የተሟላለት ዲስክ የተሻለ አገልጋይ ነበር።

፭. የፊደላችን ድርሻ

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ምዕራፍ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ 3.0 የገባ ቢሆንም ዊንዶውስ ኤክስፒ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ አልመጣም። ኒያላ የተባለው ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያው ከዊንዶውስ ጋር አብረው የቀረቡት በቪስታ ነው። ስለዚህ በኤክስፒ ዘመን አዲስ የተጫነ ማሽን የአማርኛ ሰነድ ሲከፈትለት ባዶ ሳጥኖች ይደረድር ነበር፤ ፊደሉና መጻፊያው ለየብቻ መጨመር ነበረባቸው።

ለዚህም ዲስኩ ሥፍራ ነበረው። ኦኢኤም የሚል ስም በተሰጠውና በዶላር ምልክቶች መካከል በሚጻፈው ማኅደር ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል በመጫኛው ጊዜ ወደ ታዘዘለት ሥፍራ ይገለበጣል፤ የፊደል ቅርጾችም በዚህ መንገድ ወደ ዊንዶውስ የፊደል ማኅደር ይገባሉ። የመጻፊያው ፕሮግራም ራሱ ደግሞ መጫኛው ሲፈጸም እንዲነሣ በትእዛዝ ዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋል። አምራቹ ያላሰበውን ፍላጎት ባለሙያው በራሱ ዲስክ ማሟላት መቻሉ የዚህ ጥበብ ትልቁ ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፮. የማይታየው ሰው

ጥበቡ ሲቀል አደጋውም ቀለለ። ኤንላይትና መሰሎቹ መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም ይችሉ ነበር። ዲስኩን ለማሳነስና ማሽኑን ለማፍጠን ሲባል አያስፈልጉም የተባሉ ክፍሎች ይወገዱ ጀመር። በዕለቱ ሁሉ ነገር መልካም ይመስላል፤ ከዓመት በኋላ አታሚ ሲገዛ ወይም አዲስ ማሻሻያ ሲመጣ የተወገደው ክፍል ተፈልጎ ይታጣል። ያን ጊዜ ዲስኩን ያዘጋጀው ሰው በሥፍራው ላይኖር ይችላል።

የመልሱ ፋይል ሊነበብ መቻሉም ሁለት ገጽታ አለው። የምርቱ መለያ ቁጥርና የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በግልጽ ተጽፈውበት ሲዲው በጠረጴዛ ላይ ከተተወ፣ የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ከበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆጠራል። ከዚህም የከፋው አዘጋጁ የማይታወቅ ዲስክ ነው። በብዙ አገሮች ገበያ፣ በእኛም ጭምር፣ ማን እንደቀረጻቸው፣ ምን እንደተጨመረባቸውና ምን እንደተቀነሰባቸው የማይታወቁ የተሻሻሉ ዊንዶውሶች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። የፈቃዱ ሕጋዊነት ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ባለሙያውን አስቀድሞ የሚመለከተው ግን እንዲህ ባለው ዲስክ የጫነ ሰው ለማያውቀው ሰው ሥራ ፈርሞ መቀበሉ ነው።

፯. ከሲዲው በኋላ

በጥር 2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ የመጫኛውን አሠራር ከሥሩ ለወጠው። ፋይሎቹ ከአንድ የምስል ፋይል የሚዘረጉ ሆኑ፤ የመልሱም ፋይል በኤክስኤምኤል ቋንቋ የሚጻፍ ሆነ፤ ድራይቨር ከፍሎፒ ሌላ ከዩኤስቢም መቀበል ተቻለ። ከ2009 ጀምሮ ከዊንዶውስ 7 ጋር የቀረበው ዲዝም የተባለ መሣሪያ ማሻሻያንና ድራይቨርን ወደ ምስሉ ለማስገባት ያስችላል። ባለሙያዎች በግል ጥረት ሲሠሩት የነበረው ነገር የአምራቹ መደበኛ አሠራር ሆነ ማለት ነው። ዊንዶውስ 11ም ቢሆን በፍላሽ ዲስክ ሥር የተቀመጠ የመልስ ፋይል ካገኘ ያነበዋል። በሊኑክስ በኩል ደብያን በሰኔ 2005 በወጣው 3.1 ከተባለው ዕትሙ ጀምሮ በተመሳሳይ ሐሳብ ይሠራል።

የኤክስፒ ድጋፍ ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዲስክ የተቀረጸበትን ቀን ይዞ የሚቆም ነገር ነው፤ በ2004 ጋሻ የነበረው ዲስክ ዛሬ ለኔትወርክ ማሽን ቢውል ራሱ ክፍተት ነው። ስለሆነም የዝግጅቱ ቀን በላዩ ያልተጻፈበት ዲስክ ለባለሙያ እጅ አይገባም።

ለሙያ ጓደኞቻችን ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው እንግዲህ የሥራ ደንብ ነው። ዲስኩን ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ዋና ዲስክ እንዳዘጋጀው፣ ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ምስጢር በመልሱ ፋይል ውስጥ አይቀመጥ፤ ካስፈለገም በመጀመሪያው መክፈቻ እንዲለወጥ ይደረግ፤ ለ50 ማሽን ከመዋሉ በፊት በ1 ማሽን ይፈተን። በመጫኛው ሰዓት በማሽኑ ፊት ሰው ላይኖር ይችላል፤ በእያንዳንዱ መልስ ጀርባ ግን የጻፈው ሰው አለ። ስሙም ከዲስኩ ጋር አብሮ ሊገኝ ይገባል።